«ትሂድ» አሉ አሉ

ባሕር ዳር፣ ግንቦት 2017

ለውድ አባባ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ከናፍቆት በቀር ደህና ነን። ደብዳቤ እንዲህ እንደሚጀመር ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ለአያቴ ሲያስጽፉኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ደብዳቤ አልጻፍኩም። ስልክ መጣና ሁሉን ነገር አሳጠረው። እርስዎ «ደህና ነኝ» ይላሉ፣ እኔ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ፣ ከዚያ «እንካ እህትህን» ብለው ስልኩን ለእትዬ ይሰጧታል። አንድ ደቂቃ አይሞላም።

ይህንንም ቢሆን እትዬ ጮክ ብላ እንደምታነብልዎ አውቃለሁ። ትስማ እንግዲህ።

ወረቀቱን ካሊፎርኒያ ድረስ የሚያደርስልዎ ሰው ሽሮና የዘጌ ቡና ይዟል። ሽሮው ጨው አልገባበትም፤ ሐኪሙ ያለውን ሰምተናል። ቡናው የእትዬ ነው። እርስዎ ከአንድ ሲኒ አይለፉ። በርበሬ ልልክ ነበር፣ ሰውየው ሻንጣው ሞላበት።

ሐይቁ ሸሽቷል። ግንቦት አይደል። ያ እምቦጭ የሚሉት አረም አንዳንድ ቦታ አሁንም አለ። ዘንባባዎቹ እንዳሉ ናቸው። ትንሿ ልጄ ከክፍሏ 3ኛ ወጣች። ትልቁ ቁመቱ አለፈኝ። ጫማዬን ይለብሳል፣ ሳያስፈቅድ።

የእትዬን ልጅ የሚጡን ነገር ላንሳ።

ባለፈው ሐሙስ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ቆረሶ ዓሣ አዝዤ ቁጭ ብያለሁ። ስልኬ ጮኸ። የሚጡ ቪዲዮ ነው። እናንተ ዘንድ ከሌሊቱ 7 ሰዓት መሆኑ ነው። ልጅቱ ከጓደኞቿ ጋር ዲዝኒላንድ ከሚሉት መጫወቻ አጠገብ ያለው ሁለተኛው ፓርክ ውስጥ ናት። አራት ልጃገረዶች ጫማቸውን አውልቀው መሬት ላይ ተዘርግተዋል። ስኳር የተነሰነሰበት ረጅም ጥብስ ሊጥ እየተቀባበሉ ይበላሉ። አንዷ ራሷ ላይ የአይጥ ጆሮ አስራ፣ በሌላዋ ትከሻ ላይ እንቅልፍ ጥሏታል። አንደኛው ጆሮ ዘምሞ ዓይኗን ሸፍኗል። የረሷት መሰለኝ፤ ግን ትከሻዋን የሰጠቻት ልጅ ንቅንቅ አትልም፤ ሊጡን እንኳ በግራ እጇ ነው የምትበላው። ከኋላቸው ትልቅ መሽከርከሪያ መብራቱን ውኃ ላይ አፍስሶ ይዞራል።

«ጋሼ፣ እዚህም ሐይቅ አለ!» ትላለች ሚጡ።

ሐይቅ! 37 ደሴት ከተሸከመ ውኃ አጠገብ ተቀምጬ፣ ያቺን ገንዳ ሐይቅ ትለኛለች።

በኋላ ለእትዬ ደወልኩ። ዝግጅቱ 12ኛ ክፍል ለጨረሱ ልጆች ነው አለችኝ። ስሙ ግራድ ናይት ይባላል። አስተማሪዎች አብረው ይሄዳሉ፣ አውቶቡስ ወስዶ ይመልሳል። ፓርኩ ለሌላው ሰው ከተዘጋ በኋላ ለእነሱ ብቻ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ዛሬ ዛሬ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ያበቃል። ሲጀመር ግን ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋት 11 ሰዓት ነበር፣ ወንዶቹም ኮትና ከረባት ለብሰው ነበር የሚገቡት። የጀመረው እንደ ፈረንጅ በ1961 ነው። ዓመቱን ስሰማ እርስዎ ትዝ አሉኝ። የእርስዎ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጣሊያን የጦር ካሳ የተቋቋመውም በዚያው ዓመት አይደል? እዚያ ልጆች ሌሊቱን ሲጫወቱ ማደር ሲጀምሩ፣ እዚህ ሰው ሌሊቱን ክር ሲፈትል ማደር ጀመረ።

እትዬ ራሷም አላረፈችም። ግንቦት 2006 ላይ ዲዝኒላንድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ድፍን 24 ሰዓት ክፍት ሆኖ ነበር። ከሐበሻ ጓደኞቿ ጋር ሄደች። ሊነጋ ሲል ፒጃማ ለብሶ የሚዞር ሰው አይታለች። እነሱ ነጠላ ደርበው፣ ከቤት በያዙት ፔርሙዝ ሻይ እየጠጡ አነጉት። እስከ እሁድ እግሯን ጨው ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋ ተቀመጠች። ለእርስዎ አልነገረችም፤ ይኸው ነገርኩባት። (እትዬ፣ ዝለይው ብልሽም እንደማትዘዪው አውቃለሁ።)

የወጋኝ ግን ይህ አይደለም።

ሚጡ ለፈቃድ እርስዎ ዘንድ መጣች አሉ። እናቷ አመንትታ «አያትሽን ጠይቂ» ብላ ላከቻት። እርስዎም አልጋዎ ላይ እንደተጋደሙ «ከጓደኞቿ ጋር አይደል? ትሂድ» አሉ አሉ። ይባስ ብለው ከትራስዎ ሥር 20 ዶላር አውጥተው ሰጧት። እሷም «አንተ እኮ ምርጥ ነህ» ብላ ግንባርዎን ሳመችዎ።

አንተ! እኔ በ50 ዓመቴ አንቱ እያልኩ እጽፍልዎታለሁ።

ቆረሶው ቀዘቀዘ። ሳልበላው ሂሳብ ከፍዬ ተነሳሁ።

አባባ፣ ጥር 10 ቀን 1984ን ያስታውሳሉ? የከተራ ለት። እኔም እንደ ሚጡ 12ኛ ክፍል ነበርኩ። እርስዎ የሌሊት ፈረቃ ነበሩ። ሲወጡ «ዛሬ ከበር ውልፍት እንዳትል» አሉኝ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም። ለምን እንደሆነ ነግረውኝ አያውቁም።

ወጣሁ። እንዴት አልወጣ? ታቦታቱ ጥምቀተ ባሕሩ ወርደዋል። ድንኳኑ ውስጥ ካህናቱ ማሕሌት ቆመዋል። ውጭ ከገጠር የመጣው ጎረምሳ ዱላውን ሽቅብ እያነሳ ይጨፍራል። አራት ጓደኛሞች ሸንኮራ በጥርሳችን እየላጥን እንዞራለን። ኪሴ ውስጥ ሎሚ ነበረኝ። ለማን እንደሆነ እማዬ ታውቅ ነበር። ልጅቷን አየኋት፣ ከእህቶቿ ጋር ጧፍ ይዛ ቆማለች። እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ አንዱ ጓደኛዬ ከኋላ ያዘኝ። «አባትህ ፈረቃ ቀይሮ ቤት ገብቷል» አለኝ። የእሱም አባት ፋብሪካ ነበር፣ እሱ ነው የነገረው።

እየሮጥኩ መጣሁ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሆኗል። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። አንኳኳሁ። «አባባ» አልኩ። ዝም። ትንሽ ቆይቼ ደግሜ «አባባ» አልኩ። በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳ የባትሪ ብርሃን አየሁ። ወዲያው ጠፋ። ከዚያ ሳል ሰማሁ። ያ የጥጥ ብናኝ ያመጣብዎት ሳል ነው፤ ከሺ ሰው መሃል እለየዋለሁ።

ጀርባዬን ለቆርቆሮው ሰጥቼ ተቀመጥኩ። የጥርን ብርድ ያውቁታል። እጄን ላሙቅ ብዬ ሎሚውን ኪሴ ውስጥ ሳገላብጥ አደርኩ። ሲነጋ ለስልሶ ነበር።

12 ሰዓት ላይ ከፈቱ። ባልዲ ይዘው በአጠገቤ አለፉ። «ቁርስህን ብላ» አሉኝ። ይኸው ነው። ጓደኞቼ ጠበል ተረጭተው፣ ጨፍረው፣ ድምፃቸው ተዘግቶ ተመለሱ። ስለዚያ ሌሊት እስከ ዛሬ አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም።

እማዬ ከማረፏ በፊት ነገረችኝ። ጋቢዎን ተከናንበው፣ በሩ ሥር በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው እንዳደሩ። «ወይ ክፈትለት፣ ወይ ገብተህ ተኛ» ስትልዎ «እንቅልፍ የለኝም» እንዳሏት። አንድ ቆርቆሮ መሃላችን አድርገን ሁለታችንም ሳንተኛ አደርን ማለት ነው።

የአጎቴን ነገር አላነሳም። 1970ንም አላነሳም። ሌሊት ከጓደኞቹ ጋር የወጣ ልጅ እርስዎን ምን እንደሚያደርግዎ ገብቶኛል። ዘግይቶ ነው የገባኝ። ያኔ ቢነግሩኝ አልወጣም ነበር። ኧረ ምን አውቃለሁ፣ እወጣም ይሆናል።

ደግሞ የደከሙልኝን አልካድኩም። ጠዋት ከፈረቃ ሲገቡ ቅንድብዎ ላይ ጥጥ ይኖር ነበር። ልጅ ሆኜ ሽበት ይመስለኝ ነበር። ሌሊት ሌሊት የሚያረጁ፣ እማዬ በቀሚሷ ጫፍ ስታራግፍልዎ ተመልሰው ወጣት የሚሆኑ ይመስለኝ ነበር። በዚያ ጥጥ ነው የተማርኩት።

የእኔው ትልቁ ልጅ በቀደም ከጓደኞቹ ጋር አዲሱ የአባይ ድልድይ ላይ ላምሽ አለኝ። እርስዎ አላዩትም፤ ከሄዱ በኋላ ግንቦት 2016 ነው የተመረቀው። 380 ሜትር ነው። ማታ መብራቱ ሲበራ ደስ ይላል። «አይሆንም» አልኩት። ጊዜውን ያውቁታል፣ ልጅ ውጭ የሚያመሽበት አይደለም። ግን ይህን ለልጁ አልነገርኩትም። «አይሆንም አልኩ!» ብዬ ዘጋሁት። ሦስት ቀን አኮረፈኝ። ጫማዬን ግን መልበሱን አልተወም።

ይኸው ደግሞ ወደ ልጆች ዞርኩ። ሽሽት ነው።

ባለፈው ወር ያሉኝን አልረሳሁም። «በሳምንት 3 ቀን፣ አራት አራት ሰዓት ማሽን ሥር መተኛት ኑሮ ነው?» አሉኝ። ከዚያ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው «አንተ ና ካልከኝ እመጣለሁ» አሉኝ። እኔ «ሃሎ? ሃሎ? አይሰማም» ብዬ ዘጋሁ።

ይሰማ ነበር አባባ። ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።

እዚህም የኩላሊት እጥበት አለ። ሄጄ ጠይቄያለሁ። ወረፋው፣ ወጪው፣ መድኃኒቱ አንዳንዴ ሲጠፋ ፍለጋው፤ ይህን ሁሉ በወረቀት ጽፌ ለእትዬ ልኬላታለሁ። እሷ «ና እንዳትለው» ብላ አስምላኛለች። እርስዎ ግን የሚመጡት እዚህ ሊታጠቡ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ና ብልዎ ምን ማለቴ እንደሆነ እኔም እርስዎም እናውቃለን። እዚያው ይቆዩ ብልዎ ደግሞ በሩን ከውስጥ የቀረቀርኩት እኔ ልሆን ነው።

ክፍልዎን ቀለም አስቀብቻለሁ። ለምን ብሎ የጠየቀኝ የለም። አልጋውን ሐይቁ በሚታይበት መስኮት በኩል አዙሬዋለሁ። ይህን መጻፍ አልነበረብኝም፤ እትዬ ትቆጣለች።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያን ሌሊት ሁለት ጊዜ «አባባ» ብያለሁ። ባትሪውን ያጠፉት ሰምተውኝ ነው?

እሁድ እደውላለሁ። እናንተ ዘንድ ጠዋት 2 ሰዓት ይሆናል፤ የእጥበት ቀን አይደለም፣ አጣርቻለሁ። ስልኩን ለእትዬ አይስጧት።

ልጅዎ