ለጅማ ከተማ ጤና ጽህፈት ቤት፦ ቶንሲል የታመመ ልጅ ሽንቱም ይታይለት

ጤና ይስጥልኝ። እኔ የጤና ባለሙያ አይደለሁም፣ እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ የምኖር የልጆች እናት ነኝ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ በየጤና ጣቢያው ቶንሲል ታሞ የመጣ ልጅ ጉሮሮው ብቻ ታይቶ አይሸኝ፣ ሽንቱስ ምን ይመስላል ተብሎ ይጠየቅለት፣ የሚያጠራጥር ነገር ካለ በስትሪፕ (ሽንት ውስጥ ተነክሮ ደምና ፕሮቲን መኖሩን በቀለም በሚያሳይ ቁራጭ) ይታይ፣ የደም ግፊቱም ይለካ።

መስከረም ላይ ትምህርት እንደተጀመረ የእህቴ ልጅ ቶንሲል አሞት ነበር፣ ተሻለው ብለን ትምህርት ቤት ከተመለሰ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት አይኑን መግለጥ እስኪያቅተው ፊቱ አብጦ ተነሳ፣ ሽንቱ ደግሞ ኮካ መስሏል። መጀመሪያ የወሰድነው ክሊኒክ አለርጂ ነው ብለው ሽሮፕ ሰጥተው መለሱን፣ ስለ ሽንቱ የጠየቀን ሰው የለም። ሌላ ቦታ ስንሄድ ነርሷ ሽንቱን በትንሽዬ ዕቃ ተቀብላ ስትሪፑን ነከረችው፣ አንድ ደቂቃ ያህል ጠበቀችና የደሙም የፕሮቲኑም ቦታ ቀለሙ እንደተቀየረ አሳየችን፣ ግፊቱም ለልጅ በጣም ከፍ ያለ ነበር። ተኝቶ ታከመ፣ አሁን ተመስገን ደህና ነው።

ከዛ በኋላ ሀኪሞቹንም ስጠይቅ ራሴም ሳነብ የገባኝ፣ ቶንሲል በአፍና በአፍንጫ የሚገባውን ጀርም ቀድሞ አግኝቶ ጀርሙን የሚዋጋ አንቲቦዲ የሚባል መከላከያ እንዲመረት የሚያደርግ ቦታ ነው። ግን አንዳንዴ ይሄው መከላከያ ኩላሊትን ይጎዳል። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ጉሮሮ ሲያሳምም አንቲቦዲውና የባክቴሪያው ክፍልፋይ ተያይዘው የኩላሊት ማጣሪያ ላይ ይቀራሉ፣ ማጣሪያው ይቆጣል፣ ደምና ፕሮቲን ወደ ሽንት ያልፋል፣ ውሃና ጨው ደግሞ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፣ እብጠቱም ግፊቱም የሚመጣው ከዚህ ነው። ይሄ ሁሉ የሚሆነው ግን ጉሮሮው ከታመመ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ስለሆነ፣ የትኛዋ እናት ናት ከዳነው ቶንሲል ጋር የምታገናኘው? በቆዳ ቁስል ከመጣ ደግሞ እስከ 6 ሳምንት ሊቆይ ይችላል።

አይጂኤ ኔፍሮፓቲ የሚባል ሌላም የኩላሊት በሽታ አለ፣ በ1968 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ዣን በርዤ እና ኒኮል ኢንግሌ ናቸው ለይተው የጻፉት። በዚህኛው ጉሮሮው በታመመ በ1 ወይ በ2 ቀን ውስጥ ሽንቱ ቀይ ይሆናል። አይጂኤ የሚባል፣ በላዩ ሊኖር የሚገባው ስኳር የጎደለው አንቲቦዲ ኩላሊት ላይ ይጠራቀማል፣ ከዚህ አይጂኤ ምንጮች አንዱ ቶንሲል ሳይሆን አይቀርም ይባላል። ጃፓን ውስጥ ለዚህ በሽታ ቶንሲል በኦፕሬሽን አውጥተው ከስቴሮይድ ጋር ያክማሉ፣ ሌላው አገር ግን ብዙ አልተቀበለውም።

እዚህ ጋ አደራ፣ እኛ ሰፈር ቶንሲል ማስቧጠጥና እንጥል ማስቆረጥ አሁንም አለና ይሄን ሰምቶ ልጁን ወደዛ የሚወስድ እንዳይኖር። እሱ ለደም መፍሰስ፣ ለኢንፌክሽን፣ ለቴታነስ የሚያጋልጥ ነው፣ ከሀኪም ኦፕሬሽን ጋር ምንም አይገናኝም።

ስትሪፕ ትልቅ ማሽን አይፈልግም፣ ላብራቶሪ በሌለበትም ይሰራል። ስለዚህ ስትሪፑ በየጤና ጣቢያው እንዳይጠፋ አድርጉልን፣ የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችንም ቤት ለቤት ሲዞሩ ለእናቶች አንድ ነገር ይንገሩ፦ ቶንሲል ካመመው በኋላ ፊቱ ያበጠ፣ ሽንቱ የጠቆረ ወይ ያነሰ ልጅ እቤት አይቆይም፣ በዛው ቀን ይወሰዳል። በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጅታችሁ ከሰጣችሁን በየትምህርት ቤቱ ማደሉን ለእኛ ለወላጆች ተዉት፣ የልጆቼ ትምህርት ቤት ወመህ (የወላጅ መምህር ህብረት) ውስጥ ስላለሁ በሚቀጥለው ስብሰባ አነሳዋለሁ፣ ከናንተም አንድ ባለሙያ መጥቶ ቢያስረዳልን ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር
የጅማ ነዋሪ እናት