ስለ ኮንራድ ፋይት ትንሽ ልጨምር

ሰላም አዘጋጅ፣ ስለ ድሮ ፊልሞች ያወጣችሁትን ጽሁፍ ወድጄዋለሁ፣ ግን ኮንራድ ፋይትን ካዛብላንካ የሚባለው ፊልም ላይ የናዚ መኮንን የሆነው ሰውዬ ብላችሁ ብቻ ማለፋችሁ በጣም ከነከነኝ። ሰውየው እኮ እ.ኤ.አ በ1893 በርሊን ተወልዶ በቲያትር አዘጋጁ በማክስ ራይንሃርት ቲያትር መድረክ ላይ ያደገ አክተር ነው፣ በ1920 በወጣው ድምጽ አልባ የዶክተር ካሊጋሪ ፊልም ላይ በእንቅልፍ ልቡ የሚሄደውን ቼዛሬን ሆኖ ሳጥኑ ውስጥ እንደቆመ ቀስ እያለ አይኑን ሲገልጥ ባየሁት ቁጥር ሰውነቴን ይወረኛል፣ ያውም አንድ ቃል ሳይተነፍስ!

ዋናው ነገር ደሞ፣ ናዚዎች በ1933 ስልጣን ሲይዙ ሚስቱ ሊሊ አይሁድ ስለነበረች እዛው ጀርመን ዝናውን ይዞ መኖር ሲችል ሁሉን ትቶ ከሷ ጋር እንግሊዝ አገር ገባ፣ ከዛ ሆሊውድ ሲሄድ የሸሻቸውን ሰዎች ዩኒፎርም አልብሰው ካሜራ ፊት አቆሙት፣ እሱም እነዛን ሰዎች ምን ያህል አስቀያሚ እንደሆኑ አድርጎ አሳያቸው። በ1943 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ጎልፍ እየተጫወተ ልቡ ቆማ በ50 አመቱ ሞተ፣ የጦርነቱን ማለቅ እንኳን ሳያይ፣ ያሳዝናል። እባካችሁ ስለሱ ብቻ ሰፋ ያለ ነገር ጻፉልን።

የዘወትር አንባቢያችሁ