ውሻዋ ገባች፣ እኔ ደጅ ቀረሁ

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ካንቺ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስልኩ አልገባ ብሎኝ ስበሳጭ ወደ ጎንደር የሚመጣ ሰው አገኘሁና በወረቀት ጻፍኩልሽ። ሚጣ፣ አንዲት ቃል ሳታስቀሪ አንብቢላት።

ባለፈው «ቤተክርስቲያን ትሳለማለህ ወይ?» ስትይኝ «አዎ» ብዬ ወደ ሌላ ወሬ አለፍኩ። ነገሩ በአንድ «አዎ» የሚያልቅ ስላልሆነ ነው።

የምኖረው ከጀርመኗ ከተማ ከኮሎኝ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። የራሳችን ቤተክርስቲያን የለንም። በወር ሁለት እሁድ የጀርመኖቹን እንከራያለን። ፕሮቴስታንቶች ናቸው፤ አትደንግጪ። ሌሊት 11 ሰዓት ገብተን ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ላይ እንለቃለን። 4 ሰዓት ላይ እነሱ ይጀምራሉ። ምንጣፍ እናነጥፋለን፣ መጋረጃ እንሰቅላለን፤ ስናበቃ ሁሉንም ሰብስበን ከደረጃ ስር ባለች ጠባብ ክፍል እንቆልፋለን። የእኔ ድርሻ ምንጣፉ ነው። ጣሪያው ነጭ ልሙጥ ነው። እንደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቀና ሲሉ በትልልቅ ዓይኖቻቸው ቁልቁል የሚያዩ መላእክት የሉበትም። እዚህ ቀና ስል የማየው የጭስ ማስጠንቀቂያውን ነው። አባ ማጠን ሲጀምሩ እንዳይጮህብን እሱን እያየሁ እሳቀቃለሁ።

የፈረንጆቹ የአምልኮ ወግ ከእኛ እንደሚለይ ያወቅኩት በመጣሁ ሰሞን ነው። የኮሎኝ ካቴድራል ከባቡር ጣቢያው ሲወጡ ፊት ለፊት ነው። በ1248 ተጀምሮ በ1880 ያለቀ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። የሰብአ ሰገል አጽም አለበት ሲሉኝ ጊዜ ልሳለም ሄድኩ። በሩ ላይ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ስፈታ ቀይ ካባ የለበሰ ዘበኛ መጣ። ጫማዬን ከነመፈጠሩም አላየው፤ ኮፍያህን አውልቅ ነው የሚለኝ! እኔ ከእግሬ እሱ ከራሴ። ኋላ ሁለቱንም አውልቄ በካልሲ ገባሁ። ቱሪስቱ እንደ ጉድ አየኝ።

የኪራዩን ውል ስንፈርም ፓስተሯ (ሴት ናት፣ ይሄንንም አትደንግጪበት) አንድ ነገር አጫወተችን። በ1534፣ ይሄም በፈረንጆቹ ነው፣ ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ የምትባል የጀርመን ከተማ ድረስ መጥቶ የፕሮቴስታንቶቹን እምነት ከጀመረው ከማርቲን ሉተር ጋር ስለ ሃይማኖት ተነጋግሯል። ከእኛ በፊት ያን ያህል ዘመን ቀድሞ የመጣ አለ ማለት ነው። እሱስ የት አስቀድሶ ይሆን? ከዚያ ወዲህ ምንጣፍ ባነጠፍኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ባለፈው ወር ቅዳሜ ሌሊት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስቀድ እጄን ቆረጠኝ። ደህና ነኝ፣ አራት ስፌት ብቻ ነው። ከሐኪም ቤት በቀጥታ ወደ ቅዳሴ ሄድኩ። ፋሻው ግን ቀይ ማሳየት ጀምሯል። በሩ ጋ ደረስኩና አንቺ ትዝ አልሽኝ። አንዳንድ ቀን ውስጥ ሳትገቢ ከቅጽሩ በር ላይ ነጠላሽን ተከናንበሽ ትቆሚ ነበር። እኔ ደግሞ ለትምህርት ቤት አቋራጭ ነው ብዬ በግቢው ውስጥ ስሮጥ በኩርኩም ትይኛለሽ። ያኔ አልገባኝም ነበር። እየደማሁ አልገባም ብዬ ብስክሌት ማቆሚያው ጋ ቆምኩ። በረዶ ይጥላል። ቅዳሴው በመስኮት ይሰማኛል።

ሊያልቅ ሲል አንዲት ጀርመን አሮጊት ትንሽ ውሻ ይዘው መጡ። «ግባ እንጂ ልጄ፣ ብርድ ነው» አሉኝ። በዚያች በተሰባበረች ጀርመንኛዬ ደም፣ ቅዱስ ቦታ ብዬ ልገልጽ ሞከርኩ። ሐኪም የፈለግኩ መሰላቸው። በመጨረሻ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ገቡ። ውሻዋም ተከትላ ገባች!

እማዬ፣ ቤተክርስቲያን እንደገባች ውሻ ስንል የምናሳድዳትን አይደል? እዚህ የሚያሳድድ የለም። ውሻዋ ውስጥ፣ እኔ ውጭ። ሳቄ መጣ። በኋላ ምንጣፉን በእኔ ፈንታ የሚጠቀልል ሰው ስፈልግ በመስኮት ሳይ ሴትዮዋ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ራሳቸውን ደፍተው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ውሻዋ ከእግራቸው ስር ጸጥ ብላለች። ባላቸውን የቀበሩት ከዚያው ቤተክርስቲያን እንደሆነ ኋላ ነገሩኝ። በውሻዋ ጉዳይ አሁንም አልተስማማሁም። በእሳቸው ግን መፍረድ አቃተኝ።

ሌላው የሚያስጨንቀኝ ትራሙ ነው። ለስራ ስሄድ በየቀኑ በዚያች በምንከራያት ቤተክርስቲያን በኩል ያልፋል። እጄ ሳላዝዘው ያማትባል። ማክሰኞ ግን ውስጡ ኬክና ቡና ሊሆን ይችላል፣ ቅዳሜ አሮጌ ልብስ ሊሸጡበት ይችላሉ። በኪራይ ቤት ላይ ማማተብ ያስኬዳል ወይ ብዬ አባን ጠየቅኳቸው። «አንተ ተሳለም፣ የቀረውን ለባለቤቱ ተው» አሉኝ። ባለቤቱ ያሉት እግዚአብሔርን ይሁን ጀርመኖቹን አልጠየቅኩም። ብቻ ማማተቤን ቀጥያለሁ። አንቺ ምን ትያለሽ?

እጄ ድኗል። ባለፈው እሁድ ገብቼ አስቀድሻለሁ። ወለሉ እንደ በረዶ ነው፤ ካልሲ እደርባለሁ፣ አታስቢ።

ለሥላሴ ስትሄጂ በሩን ሳሚልኝ። ከመቃኑ ያቺን ከወደ ቀኝ ያለችውን፣ ስትስሚያት ኖረሽ እንጨቷ የለሰለሰችውን።

ልጅሽ