ታንኳውን ወደን ሠሪውን ለምን እንገፋለን?

ይድረስ ለተከበረው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካለ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለ፣ የደንገል ታንኳ ሲያስሩ የዋሉ፣ ነገደ ወይጦ ከሚባለው የጣና ዳር ማኅበረሰብ የሆኑ አንድ አባት ሻይ ቢጠይቁ፣ አስተናጋጇ ለብቻው የተቀመጠ፣ ጠርዙ የተሸረፈ ብርጭቆ አውጥታ ሰጠቻቸው። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ደጅ ቆመው ጠጡ፤ ዝም በማለቴ አሁንም አፍራለሁ። ይህ ሕዝብ በሠራው ታንኳ ሰውና እህል ሐይቁን ሲሻገር ኖሯል፤ እሱ ግን “ጉማሬ ይበላ ነበር” እየተባለ ከማዕድም ከጋብቻም ተገፍቷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆኑን ቢደነግግም፣ ብርጭቆ የምንለየው እኛው ነን። የሻይ ቤት ባለቤቶች ያንን ብርጭቆ ዛሬውኑ እንዲያነሱ፣ ጋዜጣችሁም የማኅበረሰቡ ተወላጆች ራሳቸው የሚናገሩበት ዓምድ እንዲከፍት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር