ገጠሩም ዜማውም ማጣፈጫ አይደሉም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ልብ ወለድ የምታወጧቸውን ጽሑፎች ሳላነብ አላልፍም። ስለ ገጸ ባሕርይና ስለ ሴራ ብዙ ይባላል። መልክዓ ምድርና ሙዚቃ ግን እንደ ማጣፈጫ ሲታለፉ ከልቤ ይቆጨኛል። የአንዳንድ ደራሲ ሥራ የሚነሳው ከዚያው ነውና።

ቶማስ ሃርዲን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1840 በእንግሊዝ፣ ዶርሴት ገጠር ተወለደ። አባቱ ግንበኛ ነበር፤ ቫዮሊንም ይጫወታል። ልጁም ገና በትንሽነቱ ቫዮሊኑን ይዞ ከአባቱ ጋር በየጭፈራው ይጫወት ነበር። ያ ጆሮ በድርሰቶቹ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

በ1872 የታተመው ልብ ወለዱ በጨለማ ጫካ ውስጥ ይጀምራል። መንገደኛው ዛፎቹን የሚለየው በድምፃቸው ነው። ነፋስ ሲነካቸው አንዱ ያቃስታል፣ አንዱ ያፏጫል፣ ሌላው ይንሿሿል። እንዲህ ብሎ ለመጻፍ መጀመሪያ ቆሞ ማዳመጥ ያስፈልጋል! ታሪኩም ራሱ የሙዚቃ ነው፤ የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ሙዚቀኞች ቦታቸውን ለኦርጋን እንዲለቁ ይደረጋሉ። የእነሱን ቅሬታ እንዲህ ከውስጥ የሚያውቀው በሙዚቀኛ ቤት ያደገ ሰው ነው።

በ1878 ባወጣው ሌላ ልብ ወለድ ደግሞ የመጀመሪያው ምዕራፍ ሙሉውን ስለ አንድ ጠፍ ሜዳ ነው። ሰዎቹ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። አንዳንዱ አንባቢ ይሰለቸው ይሆናል። ለእኔ ግን ሜዳውን የዘለለ ሰው የሰዎቹን ዕጣ አይረዳም።

እባካችሁ፣ ደራሲ ስታነጋግሩ ምን እንዳነበበ ብቻ አትጠይቁ። የትኛውን ኮረብታ እያየ፣ የማንን ዜማ እየሰማ እንዳደገም ጠይቁልን።

አክባሪ አንባቢያችሁ