የጭነት አውሮፕላን ሲወድቅ ምርመራው ከተጫነበት ሜዳም ይጀመር

ይድረስ ለአውሮፕላን አደጋ ምርመራ ቢሮ ኃላፊዎች፣ በያላችሁበት፤

ለዓመታት የጭነት አውሮፕላን ስጭንና ሳራግፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። አብራሪ አይደለሁም፤ መሐንዲስም አይደለሁም። ግን ይህን ሥራ አውቀዋለሁ፤ ለዚህ ነው የምጽፍላችሁ።

የጭነት አውሮፕላን ወደቀ ሲባል ወሬው ወዲያው ወደ አብራሪው ይዞራል። ደክሞት ነው፣ ተሳስቶ ነው ይባላል። አብራሪው ደግሞ ሞቷል፤ መልስ አይሰጥም። እኔ ግን ቀድሞ የሚመጣብኝ ሌላ ጥያቄ ነው። የመጨረሻውን ፓሌት፣ ዕቃው ተደርድሮ የሚታሰርበትን ጠፍጣፋ መደብ፣ ማን ቆለፈው? መቆለፉንስ ማን አረጋገጠ?

ልመናዬ ይህ ነው። ምርመራው አውሮፕላኑ ከወደቀበት ቦታ ብቻ ሳይሆን፣ በዚያው ሰዓት ጭነቱ ከተጫነበት ሜዳም ይጀመር። የተገኘውም ነገር ሳይሸራረፍ ለሕዝብ ይውጣ።

ሰዓቱን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ጥቁሩ ሳጥን እሳትም ውሃም እንዲችል ሆኖ ተሠርቷል። ባሕር ውስጥ ቢገባ እንኳ ለሳምንታት ምልክት እየሰጠ ይጠብቃችኋል። የመሬቱ ማስረጃ እንዲህ አይጠብቅም። ሜዳው ላይ የቀረ የተበጠሰ ቀበቶ ማታውኑ ይጠረጋል። የተረፉት ቀበቶዎችና መረቦች ለሚቀጥለው በረራ ይሄዳሉ። ሚዛኑ ሌላ ዕቃ ይመዝናል። ፈረቃው ይቀየራል። ጭነቱን ያሰረው ልጅ ደንግጦ ቤቱ ይገባል፤ ከሳምንት በኋላ ብትጠይቁት የሚያስታውሰውንና ከሰው የሰማውን መለየት ያቅተዋል።

ባግራምን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 29 ቀን 2013 አንድ ቦይንግ 747 የጭነት አውሮፕላን አምስት ከባድ ወታደራዊ ተሽከርካሪዎች ጭኖ ከአፍጋኒስታኑ ጦር ሰፈር ተነሳ። ብዙም ሳይርቅ አፍንጫው ወደ ላይ ተሰቀለና ወደቀ። ሰባቱም የበረራ ሠራተኞች ሞቱ። አወዳደቁ በመኪና ካሜራ ተቀርጾ ዓለም ሁሉ አየው። ታሊባን የጣልኩት እኔ ነኝ አለ።

መርማሪዎቹ ግን በቪዲዮውም በፉከራውም አልተወሰኑም። ማኮብኮቢያውን አዩ። እዚያ የአውሮፕላኑ ገላ ቁርጥራጭና የሃይድሮሊክ ቱቦ (መቆጣጠሪያዎቹን በግፊት የሚያንቀሳቅሰው ፈሳሽ የሚያልፍበት) ስብርባሪ አገኙ። የአንድ ተሽከርካሪ አንቴና ስባሪም ነበር። አስቡት፣ ውስጥ ታስሮ የተጫነ ተሽከርካሪ አንቴና ማኮብኮቢያ ላይ! ጉዳቱ የደረሰው አውሮፕላኑ ገና ከመሬት ሲላቀቅ መሆኑን ይህ ነገራቸው። ከማሰሪያው የተፈታ ተሽከርካሪ ወደ ጅራት ተንሸራቶ፣ የሃይድሮሊክ መስመሮችንና የጅራቱን አግድም ክንፍ የሚያንቀሳቅሰውን ክፍል ሰብሮ ነበር። ከዚያ በኋላ የአብራሪ ጉብዝና ምን ያደርጋል? የአሜሪካው ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድም ችግሩን ያገኘው አየር መንገዱ ጭነት በሚያስርበት አሠራር ላይ ነው። ጉድለቱ ጣት ወደ አንድ ሠራተኛ በመቀሰር የሚያልቅ አልነበረም።

ይህ ነገር ለእኛ ለጫኞቹ በደንብ ይገባናል። ቀበቶ ላይ የተጻፈው አቅም ቀጥ ብሎ ሲጎተት የሚችለው ነው። በሰያፍ ሲታሰር የሚይዘው ያንሳል። ስለዚህ ቀበቶ መቁጠር ብቻ አይበቃም። ማዕዘኑን ማየት፣ ወለሉ ላይ ያለው ማሰሪያ ስንት እንደሚችል ማወቅ ያስፈልጋል። ሌሊት፣ በዝናብ፣ «ቶሎ በሉ፣ ሰዓት አለፈ» እየተባለ ይህን ቆሞ የሚያሰላ የለም። መመሪያው ቀድሞ ካላሰላለት ሠራተኛው በልምድ ያስራል። እናም መርማሪ ሲመጣ «ማን አሰረ?» ከማለቱ በፊት «ምን ተብሎ ነው የታዘዘው?» ብሎ ይጠይቅ።

እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ፣ ማያሚ ላይ የወደቀው ዲሲ-8 የተባለ የጭነት አውሮፕላንም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ጭነቱ በተባለው መንገድ አልተደለደለም። ክብደቱ ወደ ኋላ አመዝኖ ነበር፤ አብራሪዎቹ ደግሞ አውሮፕላኑን ያዘጋጁት በተሰጣቸው ቁጥር ነው። አምስት ሰው ሞተ፤ አንዱ መሬት ላይ የነበረ ሰው ነው።

ሁሉንም በጭነት አሳቡ ማለቴ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ውስጥ ሳክራሜንቶ አጠገብ ሌላ ዲሲ-8 ወድቆ ሦስቱም የበረራ ሠራተኞች ሞቱ። አብራሪዎቹ ራሳቸው የጭነቱ ሚዛን የተዛባ መስሏቸው ነበር። መርማሪዎቹ ይህንን ሰምተው ፋይሉን ቢዘጉት ማን ይቃወማቸው ነበር? አልዘጉትም። ጅራቱ ላይ ካለው መቆጣጠሪያ አንድ ዘንግ መላቀቁን ደረሱበት፤ ያላቀቀውም በጥገና ጊዜ በደንብ ያልተያያዘ ብሎን ነው። ጭነቱ ነጻ ወጣ። የጭነቱ ማስረጃ ተሰብስቦ ሲቀመጥ እንዲህ ነጻ ለማውጣትም ያገለግላል።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ። የጭነት አውሮፕላን ሲወድቅ የሚሞተው ሰው ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት ነው። የሚጮህ የመንገደኛ ቤተሰብ የለም። ዜናው በሦስት ቀን ይረሳል። በሕግም ቢሆን የጭነት ሰው ወደ ኋላ ይቀራል። አሜሪካ አዲሱን የአብራሪዎች እረፍት ደንብ እ.ኤ.አ. በ2011 ስታወጣ ጭነት ብቻ የሚያበሩትን አስቀርታለች። አብራሪው አንቀላፍቶ መሬት የሚመታ 747 ግን ውስጡ ሰው ይኑር ዕቃ አይመርጥም።

ከታች ያለውም ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ1992 አምስተርዳም ላይ የእስራኤሉ አየር መንገድ የኤል አል የጭነት አውሮፕላን የመኖሪያ ሕንፃ ላይ ወድቆ 43 ሰው ሲሞት፣ 39ኙ ቤታቸው ወይም ሰፈራቸው የነበሩ ናቸው። ምን ጭኖ እንደነበር ግን ለዓመታት ሲያነታርክ ኖረ፤ የአገሪቱ ፓርላማ አጣሪ ኮሚቴ እስኪያቋቁም ደረሰ። የጭነት ዝርዝሩ መጀመሪያውኑ ሙሉ በሙሉ ቢወጣ ኖሮ ያ ሁሉ ጥርጣሬ ባልኖረ። እ.ኤ.አ. በ2010 ዱባይ ላይ በእሳት የወደቀውን 747 የመረመሩት ሰዎች ከጭነቱ መካከል እንደ አደገኛ ዕቃ ሳይመዘገቡ የገቡ የሊቲየም ባትሪዎች እንደነበሩ በሪፖርታቸው ጽፈዋል። ስለጻፉት አወቅን።

ሠራተኛውን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የአደጋ ምርመራ ደንብ፣ አባሪ 13 የሚባለው፣ የምርመራው ዓላማ ሌላ አደጋ መከላከል እንጂ ጥፋተኛ መፈለግ አይደለም ይላል። ይህንን ጫኙ አያውቀውም። እሱ የሚያየው መታወቂያ ያንጠለጠለ ሰው ወረቀት ይዞ ሲመጣ ነው፤ ፖሊስ ይመስለዋል። እባካችሁ ገና ስትቀመጡ ንገሩት። በቋንቋው ንገሩት። አለቃው አጠገቡ እንዳይቀመጥ አድርጉ።

የመጀመሪያው ሪፖርት በ30 ቀን ውስጥ እንዲወጣ ይጠበቃል። እዚያ ውስጥ የጭነቱ ዝርዝር፣ የፓሌቶቹ ቦታና ክብደት፣ ያሰረው ቡድን በስንት ሰዓት ፈረቃ ላይ እንደነበረ ይግባበት። ገና አልተጣራም ከሆነ «አልተጣራም» ተብሎ ይጻፍ። የመጨረሻው ሪፖርት ከዓመት በላይ ከቆየም በየዓመቱ መግለጫ እንዲወጣ ደንቡ ያዛል፤ እሱም አይዘለል።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የአውሮፕላን ጭነት ሠራተኛ