ማህተም ያልተመታበት አይወጣም፦ የኮምፒውተር ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን ውስጥ የተመዘገቡት 31 ነበሩ። ኅዳር ላይ የደሴ ብርድ ሲጠና 14 ብቻ ቀረን። ብርዱ ያልኩት ለጨዋነት ነው፤ ከሄዱት ብዙዎቹ ጌም ያለ መስሏቸው ነበር የመጡት። የቀሩት ግን የጦሳ ጉም ግቢውን ሞልቶት እንኳ ሐሙስ ከሰዓት አይቀሩም ነበር።

ሥራችን አንድ ነው፦ ለቤተ መጻሕፍቱ የውሰት መዝገብ የሚይዝ የአንድሮይድ አፕ። ማን ምን ወሰደ፣ መቼ ይመልሳል። አፑን መሥራቱ ብዙም አልከበደንም። የከበደን ማድረሱ ነው።

ኤፒኬውን (ስልክ ላይ የሚጫነውን የአፑን ፋይል) መሥራት የሚችለው ላብ ውስጥ ያለ አንድ ኮምፒውተር ብቻ ነበር። ቢልዱ መሃል ላይ ሲደርስ መብራት ጥፍት! እንደገና ከዜሮ። ያለቀለትን ደግሞ በቴሌግራም ለጋሼ እንልካለን (የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው)። አንድ ቀን ስልካቸውን ይዘው ላብ መጡ። ክረምቱን ለሚያሻግር መምህር መጽሐፍ ሲያውሱ አፑ የመመለሻውን ቀን "ጳጉሜን 19" ብሎ ሰጥቷቸዋል። ያንን ስህተት ካረምነው ሁለት ሳምንት አልፎታል። እሳቸው ስልክ ላይ ያለው የትኛው ቅጂ እንደሆነ ግን ማናችንም አላወቅንም።

ወደ ታግ (አንድ የኮድ ቅጂ ላይ የሚለጠፍ ቁጥር ያለው ምልክት) የገባነው ከዚያ በኋላ ነው። ኮዳችን ያለው ጊትሀብ ላይ ነው፤ ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ ነው። (ሊነስ ቶርቫልድስ ጊትን፣ ማለትም ጊትሀብ የሚጠቀምበትን የኮድ ለውጥ መዝጋቢ፣ በ2005 እ.ኤ.አ. ሲሠራው ከአባላቱ አንዳቸውም አልተወለዱም።) ጊትሀብ ላይ አክሽንስ የሚባል አገልግሎት አለ። በአንድ የያምል ፋይል (ያምል እንዲህ ያለ ትእዛዝ የሚጻፍበት የጽሑፍ ዓይነት ነው) "ስሙ በቪ የሚጀምር ታግ ሲደርስህ ሥራ ጀምር" ትለዋለህ። ታጉ ሲደርስ ሌላ አገር ያለ ማሽን ኮዱን ይወስዳል፣ አፑ በትክክል መሥራቱን የሚያዩትን ፈተናዎች ያስኬዳል፣ ኤፒኬውን ሠርቶ ከነቁጥሩ ያስቀምጣል። ኮዳችን ለሁሉም ክፍት ስለሆነ አንከፍልም። የኛ መብራት ቢጠፋ ያ ማሽን ምን ገዶት!

ታግ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ልጆቹን ጸሐፊዋ ቢሮ ወሰድኳቸው። ደብዳቤ አሥር ጊዜ ይረቀቃል። ማህተም ተመትቶበት፣ ቁጥር ተሰጥቶት ከወጣ በኋላ ግን አይነካም። ስህተት ከተገኘበት በሌላ ቁጥር ሌላ ይጻፋል።

ገባቸው። ማሽኑ ግን አልገባውም። ታኅሣሥን ሙሉ ታግ ሲያደርጉ ከረሙ፤ ምንም የለም። ለካ ተራ ፑሽ (ሥራችንን ወደ ጊትሀብ የምንልክበት ትእዛዝ) ኮዱን እንጂ ታጉን አይልክም። ይህን ስንደርስበት አምስት ታግ ተጠራቅሞ ነበር። በደስታ አምስቱንም በአንድ ትእዛዝ ላክናቸው። 14ቱም አንድ ስክሪን ላይ ተደፉ። ገጹ ባዶ።

"ቲቸር፣ አልነሳም እኮ!"

ሁለት ሐሙስ ያምሉን ስንፈትሽ አለፈ። አንድ ቦታ ታብ (በታብ ቁልፍ የተተወ ክፍተት) አገኘንና ጥፋተኛው ተያዘ ብለን ነበር፤ ያምል ታብ አይወድም። ታቡ ግን የነበረው ማሽኑ የማያነበው የማብራሪያ መስመር ላይ ነው፣ ምስኪን። በመጨረሻ አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ የጊትሀብን መመሪያ ቁጭ ብላ አነበበችው። ከሦስት በላይ ታግ አንድ ላይ ከተላከ ጊትሀብ ጭራሽ ሥራ አያስጀምርም! የመጨረሻውን ታግ ከጊትሀብ አጥፍተን ለብቻው ላክነው። ቢጫዋ ክብ መሽከርከር ጀመረች። ወዲያው መብራት ሄደ። በኔ ስልክ ዳታ ከፍተን፣ ጨለማ ውስጥ ተፋፍገን፣ አረንጓዴ እስክትሆን ጠበቅን። ጭብጨባው ዳይሬክተሩ ቢሮ ድረስ ተሰምቷል አሉ።

ቀጣዩ ጣጣ የኔ ጥፋት ነው። አዲሱ ኤፒኬ ጋሼ ስልክ ላይ በነባሩ ላይ አልጫን አለ። መፈረሚያ ቁልፍ (አፑ ከኛ መምጣቱን የሚያሳይ ፊርማ የሚደረግበት) ስላልሰጠነው ማሽኑ በየጊዜው አዲስ ቁልፍ ይፈጥራል፤ አንድሮይድ ደግሞ ፊርማው የተለየን አፕ አያዘምንም። "ያጥፉትና እንደገና ይጫኑት" አልኳቸው፤ መዝገቡ አብሮ ጠፋ። "ደግነቱ ደብተሬን አልጣልኩም" አሉኝ። አሁን ቁልፉ አንድ ነው፣ ጊትሀብ ውስጥ በምስጢር ተቀምጧል።

ሚያዝያ ላይ አንዱ ልጅ የፊደል ግድፈት አየና የወጣውን ታግ ወደ አዲሱ ኮድ አዛወረው። አንድ ቁጥር፣ ሁለት የተለያየ አፕ። ጸሐፊዋ ቢሮ በድጋሚ ሄደ፣ ይህን ጊዜ ብቻውን። ከዚያ ወዲህ ታግ የሚያደርጉት ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው፤ የጳጉሜን ፈተና ካላለፈ ደግሞ ማሽኑ ራሱ ኤፒኬ አይሠራም።

ሰኔ ላይ ጋሼ ደወሉ። "መምህር፣ 1.1.3 ላይ ነኝ። በ'ሠ' የተመዘገበውን መጽሐፍ በ'ሰ' ስፈልገው የለም ይለኛል።" ቁጥሩን ሳልጠይቃቸው ነው የነገሩኝ። ጉዳዩ እስካሁን አልተፈታም፤ የመስከረም የመጀመሪያው ሥራችን ነው።